ጋሪ ከውዳቂ ብረት

ከመርካቶ ወደ ምዕራብ ስንሄድ ኮልፌ ቀራንዮ እንደርሳለን። አንድ ገበሬ ከብየዳ ቤት ደጃፍ ቆሟል። የአህያ ጋሪ ያሠራል።

ዕቃው ሁሉ የአሮጌ መኪና ነው። የተገዛው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ ራሱ «ምን አለሽ?» ይላል። እዚያ የማይሸጥ ውዳቂ የለም!

በያጁ መጀመሪያ አክስሉን አየ። አክስል ሁለቱን ጎማ የሚያገናኝ ብረት ነው። ከጎበጠ ጎማውን ቶሎ ይበላል። ቀጥሎ ኩሽኔታውን አጥቦ ግራሶ ቀባ። ከዚያ ቱቦላሬውን በየደ፤ ጣውላውንም ረበረበ።

ገበሬው ግን ሐሳብ ገብቶታል።

«የፊተኛው ጋሪ የአህያዬን ጀርባ አቆሰለብኝ» አለ።

«ጭነቱን ወደ ፊት አብዝተውት ነበራ፣ አባቴ!»

ነገሩ የሚዛን ነው። ጭነቱ ወደ ፊት ከበዛ ዘንጉ የአህያዋን ጀርባ ይጫናል። ወደ ኋላ ከበዛ ደግሞ ዘንጉ ሽቅብ ይነሣል፤ የሆዷን መቀነቻ ይስባል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ጭነቱ በአክስሉ ላይ ይረፍ። ጥቂት ብቻ ወደ ፊት ያዘንብል።

በያጁ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫነ። ገበሬው ዘንጉን በአንድ እጁ አነሣ። ቀለለው። እሱ ግን አላመነም። ጆንያውን ትንሽ ገፋ አደረገና እንደገና አነሣ።