አኳራጅ በሃይላንድ

በገበያ ቀን እብናት ላይ ቀለም መሸጫ ሱቅ በር ቆም ያለ ሰው ይህን ያያል። ገዢው ባዶ ሃይላንድ ከከረጢቱ አውጥቶ ያቀብላል፤ ባለሱቁ የተቆረጠ ጠርሙስ አንገቱን ቁልቁል ሰክቶ ከጀሪካኑ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ ይቀዳለታል። «ለበሩ ቀለም ይበቃህ ይሆን ጋሼ?» «ይበቃል፣ ተመስገን።» ፈሳሹን በዓይን ከውኃ መለየት አይቻልም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ «የተጣራ ውኃ» ይላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የኬሚካል ምልክት አሠራር ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት፤ ቀይ ጠርዝ፣ ነጭ መደብ፣ ጥቁር ሥዕል። እሳቱን ማንም ያውቀዋል። ደረቱ ላይ ኮከብ መሳይ ስንጥቅ ያለበትን ሰው ግን ማን ይፈታዋል? አኳራጅና ላምባ ላይ ሲለጠፍ ከሚናገራቸው ነገሮች አንዱ፣ ቢዋጥ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል ነው።

ላምባ የጠጣ ልጅ ሲገኝ የእናት እጅ ወደ ወተት፣ የጎረቤት ጣት ወደ ልጁ ጉሮሮ ይሮጣል። ከፍቅር ነው፤ ግን ይጎዳል። እነዚህ ፈሳሾች ቀጫጭን ስለሆኑ ከሆድ ይልቅ የሚፈሩት በሳንባ ነው፤ ልጁ ሲያስመልስ እንደገና በጉሮሮው ያልፋሉ፣ ጥቂቱ ወደ አየር ቧንቧ ቢገባ ሳንባውን ያቆስላል። ሳያስመልሱ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ቲነር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ የሚገባበት ቶሉይን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ የደብረ ታቦር ብርድ አያቆመውም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ምድጃችንም ያለው መሬት ላይ ነው።

ሕግ የለም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ለፀረ ተባይም አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከጀሪካኑ ጋር ሱቅ ይቀራል፣ አደጋው ከሃይላንዱ ጋር ቤት ይገባል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲያድስ ይህንን ቢጠይቅ እወዳለሁ፦ በሃይላንድ የቀዳ ባለሱቅ የውኃውን ጽሑፍ ይላጥ፣ «አይጠጣም፤ ቢጠጣም አታስመልሱ» ብሎ ይለጥፍ፣ ማንበብ ለማይችል ገዢ በቃሉ ይንገር። በማርከር ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ እንደሆነ አኳራጁ ራሱ ያጥበዋል፤ በወረቀት ጽፎ በሰፊ ስኮች መጠቅለል ይሻላል።