እማማ፣ አንቀጽ 558 እና ወይዘሮ መዓዛ

ከመካከላችን የአንዷ ሴት አያት የተጠለፉ ናቸው። በየፋሲካው ዶሮው ተበልቶ ጠላው ሲዞር ታሪኩ ይነሣል። ውኃ ሊቀዱ እንደወረዱ፣ በፈረስ ተጭነው እንደተወሰዱ፣ ሦስት ቀን እንዳለቀሱ... አባባ በጉብዝናቸው ዘመን ምን ያህል ጉልበተኛ እንደነበሩም አብሮ ይወራል። እንስቃለን። እማማም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። እኛ እየሳቁ ይመስለን ነበር።

ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ብለን የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስናገላብጥ አንቀጽ 558 ላይ ደረስን። ሴት መጥለፍ ወንጀል ነው፣ እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ጎሽ! አልን። ወረድ ሲል ግን ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀራል። በፈቃዷ! ሽማግሌ ተልኮ፣ ከብት ተነድቶ፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» እየተባለች የምትሰጠው ፈቃድ መሆኑ ነው። የአባባ ጀግንነት ያረፈው እዚህች አንቀጽ ላይ ነበር ለካ።

ይህ አንቀጽ እንዴት ተሻረ ብለን ስንከተል ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ዘንድ ደረስን። እርግጥ ስማቸውን እናውቀዋለን። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ያልለጠፈ ማን ነበር? «የመጀመሪያዋ ሴት» ብለን ለጥፈን፣ ላይክ ቆጥረን ወደ ጉዳያችን ሄድን።

ሴትዮዋ ግን ያኔ አልጀመሩም። በ1956 ዓ.ም. አሶሳ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽኑንም በሕግ አማካሪነት አገልግለዋል። ከዚያ ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ይቆምላቸው ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል በጠላፊዋ ጠመንጃ ገደለችው። ተከሰሰች፤ በነፍስ ግድያ። የእነ ወይዘሮ መዓዛ ማኅበር ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ ቆመላትና ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» ፊልም መነሻው ይኸው ነው። (ድፍረት በአማርኛችን ጀግንነትም ነው፣ ሴትን መድፈርም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አውቆበታል።)

ሕጉን ብቻቸውን ለወጡት አንልም፤ ብዙ ሴቶች ጮኸዋል። ብቻ በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አወጣው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት አስቀጣ፤ በኋላ መጋባታቸውም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም አለ። ማኅበሩ በበኩሉ 1994 ዓ.ም. ሲብት ለጥቂት ጊዜ ታገደ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ አይለፍ ብሎ አዳከመው። ያኔ ማንም ፎቶ አልለጠፈም።

ፕሬዚዳንትነቱስ? አራት ዓመት ቆዩ። በ2013 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶችና የዳኝነት አስተዳደር አዋጆች በአዲስ ወጡ። ፍርድ ቤት በዋስ የለቀቀውን ሰው ፖሊስ አልለቅም ሲል ያየንባቸውም ዓመታት እነዚያው ናቸውና፣ ሙሉ ድል ነበር ብለን አንዋሽም። በጥር 2015 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ወንበሩ ላይ ወንድ ተተካ።

የአርሲዋን ልጅ ታሪክ ለእማማ ነገርናቸው። ቡና እየጠጡ እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ፈቷት?»

«አዎ፣ በነፃ።»

«ወደ አባቷ ቤት ገባች?»

ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ትውጣ ማለታቸውን ነገርናቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በዚህ ፋሲካ አባባን ማን እንደሚያወራላቸው እንጃ።