ከታስማን ባሕር እስከ ፓስፊክ፣ ከጋሼ ጋር

ኩማራ፣ ሐሙስ ማታ

ከታስማን ባሕር የሚነሣው ደመና የኒውዚላንድን ደቡብ ደሴት ለሁለት በሚከፍለው የደቡብ አልፕስ ሰንሰለት ላይ ሲደርስ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። በአርተርስ ፓስ አካባቢ በዓመት ከ4 ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ከተራራው ማዶ ያለችው ክራይስትቸርች የምታገኘው ከ600 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ነገ ጠዋት የምንጀምረው ውድድር ከዚህ ከኩማራ፣ ከእርጥቡ ዳርቻ ተነሥቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ በደረቁ ዳርቻ ያበቃል። 243 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግር፣ በብስክሌትና በካያክ። ስሙ ኮስት ቱ ኮስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮቢን ጀድኪንስ ሲጀምረው የተወዳደሩት 79 ሰዎች ነበሩ። ዛሬ መኪናው ሁሉ ጣሪያው ላይ ብስክሌትና ካያክ ጭኖ ሲያልፍ ላየ ሰው፣ አገሩ በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሰደድ ይመስላል።

ብርቱዎቹ ሁሉንም በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ከእነሱ መካከል ስቲቭ ጉርኒ 9 ጊዜ አሸንፏል። እኛ የተመዘገብነው በሁለት ቀኑ ነው፤ ያውም ሁለት ሰው ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይለያይ በሚሄድበት ምድብ። ሁለት ሰው እየተቀባበለ፣ አንዱ ሲሮጥ ሌላው እያረፈ የሚጨርስበት ምድብም አለ። ጋሼ ያንን አልፈለገም። «ከሄድን አብረን ነው የምንሄደው» አለ፤ በዚያው ተዘጋ።

ጋሼ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው፤ አንቱ ስለው ግን ይቆጣል። ወደዚህ አገር የገባው ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት በመጡበት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ሯጭ አይደለም። ውሃ ግን ያውቃል፤ እዚህ ተምሮ ዋይማካሪሪ ወንዝን ለዓመታት ሲቀዝፈው ኖሯል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ሮጬ ያደግሁ። ውሃ ላይ መቀመጥ የተማርኩት ለዚህ ውድድር ብዬ ነው፤ በሚፈስ ውሃ ላይ መቅዘፍ መቻሉን የሚያሳይ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው ወንዙን እንዲቀዝፍ አይፈቀድለትም። ደንቡን ወድጄዋለሁ። ሰው ወንዝ ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው «ይህ ይችላል» ብሎ ሲመሰክርለት መሆን አለበት።

የጋሼ ባለቤት እትዬ መኪናውን ትነዳለች፤ በየመቀያየሪያው ቦታ ቀድማ ደርሳ ዕቃችንን ትዘረጋለች። ደጋፊ የሌለው ተወዳዳሪ እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ማታ ገብሱን ራሷ ቆልታ ያስፈጨችውን በሶ በትንንሽ ላስቲክ ስትቋጥር አመሸች። ገብሱ በካንተርቤሪ ሜዳ የበቀለ ነው።

አርብ፣ እስከ ተራራው ግርጌ

ገና ጎሕ ሲቀድ ባሕሩ ዳር ቆምን። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ እጁን ውሃው ላይ ያሳርፋል። እኛም ነካነው። ከዚያ ብስክሌቶቹ ወደተደረደሩበት 2.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ አጭር ቢሆንም ዋዛ አይደለም። ቀድሞ የደረሰ ከፈጣን የብስክሌት ጭፍራ ጋር ይወጣል፤ የዘገየ 55 ኪሎ ሜትሩን ነፋስ ብቻውን ሲመክት ይውላል። በጭፍራ የሚሄድ ብስክሌተኛ ፊተኛውን ተጠልሎ ኃይሉን ይቆጥባል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ወጥቶ ለሌላው ነፋስ ይሰብራል።

አይከንስ የተባለው ቦታ ስንደርስ ከብስክሌት ወረድን። የባቡር ሐዲዱ ከዚያ አልፎ በኦቲራ በኩል ተራራውን በ8.5 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሠርስሮ ይሻገራል፤ ዋሻው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የእኛ መንገድ ዲሴፕሽን የተባለው ወንዝ ነው።

ዲሴፕሽን

«የተራራ ሩጫ» ይሉታል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ግን የሚሮጥበት መሬት ብዙ የለውም። ወንዙ ራሱ ነው መንገዱ፤ ከዳር ወደ ዳር ደጋግሞ ያሻግርሃል፣ በመካከል ቋጥኝ ነው፣ ከላይ በወጣህ ቁጥር ቋጥኙ እየገዘፈ እንደ ቤት ያክላል። መተላለፊያው ጎት ፓስ ከፍታው 1,070 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ደጋ ላደገ ሰው ምንም አይደለም፤ ሳንባዬ አንድ ጊዜም አልጠበበኝም። የከበደኝ ድንጋዩ ነው። እግር ባረፈበት ሁሉ ይንሸራተታል ወይም ይገላበጣል፤ ዐይን ከመሬት ሳይነሣ ሰዓታት ያልፋሉ።

አገር ቤት ጫካ ውስጥ በቡድን ስንለማመድ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ እግሩን ይከተላሉ። መሪው መሬት የሚመርጠው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድ ካለ በእጁ ያመለክታል፣ ቅርንጫፍ ካለ ይናገራል። ጋሼን ከኋላዬ አድርጌ ያንኑ አደረግሁ። ለእኔ የሚመቸኝን ዝላይ ትቼ የእሱ ጉልበት የሚችለውን ድንጋይ እፈልጋለሁ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ድካም አገኘሁበት፤ ከብቸኛ ሩጫ የማላውቀው ድካም ነው። የራሴን እግር ብቻ ሳይሆን የማላየውን፣ በትንፋሹ ብቻ የማውቀውን ሰው እግር ጭምር ማሰብ ነበረብኝ። ትንፋሹ ሲያጥር ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ዞሬ «ደከመህ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ደካማን ደከመህ ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ ሸክም መስጠት ነው። ከቦርሳው ውሃውን ብቻ ወሰድኩለት፤ ዝም ብሎ ሰጠኝ።

ከታችኞቹ መሻገሪያዎች በአንዱ ውሃው ጭን ደረሰ። ማታ የዘነበው ገና እየወረደ ነው። ዝናቡ ከበዛ አዘጋጆቹ ይህን ሸለቆ ዘግተው ተወዳዳሪውን በአስፋልት ይልኩታል፤ ዛሬ ከዚያ በታች ነው፣ ግን ይገፋል። ጋሼ ክንዱን በጀርባዬና በቦርሳዬ መካከል አስገብቶ የቦርሳዬን ማሰሪያ ጨበጠ፤ እኔም የእሱን። የኒውዚላንድ የተራራ አስተማሪዎች የሚያስተምሩት መሻገሪያ ይህ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሰልፉን ከፈሰሱ ጋር አስተካክሎ፣ ጠንካራውን ውሃው በሚመጣበት በኩል ማቆም። አገራችንም ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው ተያይዞ ነው፤ ብርቱው ከላይ፣ ልጅና አቅመ ደካማው ከታች። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተያያዝኩ ነው ያወቅሁት። «ከላይ ማን ይሁን?» አልኩት። «እግሩ የጸናው» አለኝ። ከላይ ቆምኩ። ውሃው ጭኔን መትቶ ለሁለት ሲከፈል ከበታቼ ያለው ጋሼ ቀለል ብሎት ሲራመድ በክንዴ ተሰማኝ። እሱ ደግሞ ከታች ሆኖ ይደግፈኛል፤ ብወላገድ የምወድቀው በእሱ ላይ ነው። ሁለታችንም ለብቻችን ብንሆን ያን ቦታ በዚያ ፍጥነት አናልፈውም ነበር። ከእኛ ቀድመው የወጡ ወጣቶች ብቻቸውን ሊሻገሩ ሞክረው ወደ ዳር ሲመለሱ አይተናል።

ጎት ፓስ ላይ የተራማጆች ማደሪያ ጎጆ አለ፤ በረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል። ማኦሪዎች ፑናሙ የሚሉትን አረንጓዴ ድንጋይ ከምዕራቡ ዳርቻ ለማምጣት አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ይህን የተራራ ሰንሰለት በእግር ይሻገሩ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ድንጋዩን ተሸክመው ነው። በበሶና በዘመናዊ ጫማ መጥቶ ያንን ማሰብ ለሰው ክብርን ያስተምራል። ቁልቁለቱን በሚንጋ ሸለቆ ወረድን። ጋሼን እዚያ ላይ ጉልበቱን አመመው፤ እያነከሰ ነው የጨረሰው።

ክሎንዳይክ ኮርነር፣ አርብ ማታ

የዛሬው መንገድ እዚህ ያበቃል፤ ድንኳን ተተክሏል። ጥቃቅን ጥቁር ተናካሽ ዝንቦች እግራችንን በሉት። ኬአ የተባለው የተራራ በቀቀን ክፍት የተተወ ነገር ሁሉ እየመነቸረ ስለሚወስድ እትዬ ዕቃውን መኪና ውስጥ ቆለፈችው። የጋሼን ጉልበት በሞቀ ጨርቅ አሰረችና «ነገ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው፣ አይዞህ» አለችው። በሶውን በጥብጠን ጠጣን፣ ተኛን።

ቅዳሜ፣ ዋይማካሪሪ

ከ15 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በኋላ በማውንት ዋይት ድልድይ ካያኩ ውስጥ ገባን። ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ነው። ባለሁለት መቀመጫ ካያክ ላይ ከፊት የተቀመጠው ምት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ምቱን ተቀብሎ እየቀዘፈ በእግሩ መሪውን ያዛል። ከፊት እኔ ነኝ። ትናንት ከፊት ሆኜ መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ከፊት ነኝ፣ መንገዱን የሚመርጠው ግን ከኋላዬ ያለው ሰው ነው።

ወንዙ መጀመሪያ ሜዳው ላይ ተበታትኖ ብዙ ዘርፍ ሆኖ ይፈሳል። የተሳሳተውን ዘርፍ የያዘ ጠጠር ላይ ይቀመጥና ካያኩን ጎትቶ ይሄዳል። ጋሼ ብዙ ውሃ የሚሄድበትን ከሩቅ ያነባል፤ ለስላሳው ምላስ የሚመስለው ውሃ ጫፉን ወደ ታች ካመለከተ ጥልቅ ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ካመለከተ ከሥሩ ድንጋይ አለ። «ግራውን!» ይላል፤ እኔ ምቱን አልሰብርም። ምት ካልተሰበረ እሱ የሚያዝበት ፍጥነት አለው፤ ፍጥነት የሌለው ካያክ መሪውን አይሰማም።

ከዚያ ተራሮቹ ይቀራረባሉ፤ ወንዙ በገደሉ መካከል ይገባል። አንድ መታጠፊያ ላይ ውሃው በሙሉ ገደሉ ላይ እየተላተመ ይዞራል። ካያካችን ጎኑን ሰጥቶ ወደ አለቱ ተወሰደ። ሰውነት በተፈጥሮው ከአለት ይሸሻል፤ በወንዝ ላይ ግን ከአለቱ የሸሸ ጎን ከላይ የሚመጣውን ውሃ ይቀበላል፣ ውሃው ይገባና ይገለብጣል። «እቀፈው! ድንጋዩን እቀፈው!» አለ ጋሼ። ሁለታችንም አንድ ላይ ወደ አለቱ ተጋደምን። ትከሻዬ ድንጋዩን ነካ። ውሃው ከሥራችን አለፈና ካያኩ በአለቱ ፊት ላይ ተንሸራቶ ወደ ጸጥተኛው ውሃ ወጣ። እጄ ለመቅዘፍ እንኳ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላዬ «ምት ስጠኝ» የሚል ረጋ ያለ ድምፅ መጣ። ሰጠሁት።

ያን ጊዜ እሱ ዓመታት የኖረበትን እውቀት ለእኔ በአንድ ቃል ሰጠኝ ብዬ አምናለሁ። ቃሉን ለማመን ግን ትናንት ወንዙ ውስጥ ክንድ ለክንድ መቆማችን ያስፈልግ ነበር። እንግዳ ሰው አለት እቀፍ ቢለኝ አላቅፍም።

ሜዳው

ጎርጅ ብሪጅ ላይ ከካያኩ ስንወጣ እግራችን አልታዘዘንም፤ እትዬና አንድ በጎ ፈቃደኛ ብብታችንን ይዘው አወጡን። የቀረው 70 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሣው የምሥራቅ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታል። የካንተርቤሪ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ጋራ የለም። ጋሼ የኋላ ጎማዬን ተጠግቶ ተጠለለ፤ እኔ ሰበርኩለት። ግራና ቀኝ የታጨደ እህል ማሳ ነው። ብዙ አልተነጋገርንም። መጨረሻው ኒው ብራይተን ደርሰን የባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ስንሮጥ ጉልበቱ እንደሚያመው አውቃለሁ፤ እርምጃዬን ከእሱ ጋር አስተካከልኩ፣ መስመሩን ጎን ለጎን አለፍን።

ጀድኪንስ ውድድሩን ይመራ በነበረበት ዘመን መጨረሻው ላይ ቆሞ ደራሹን በእጁ ይቀበል ነበር። እኛን የተቀበለችን እትዬ ናት። ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፋ ሳመችን።

ምሽቱን ከእኛ በኋላ ለሚገቡት ስናጨበጭብ ቆየን። ጋሼ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ «ለከርሞ ከኋላ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለኝ። ከኋላ መቀመጥ መሪውን መያዝ ነው።

«ወንዙን ገና አላወቅሁትም፣ ጋሼ።»

«ታውቀዋለህ። ምቱን እኔ እሰጥሃለሁ።»

የሚመጣው ቅዳሜ ወንዙ ዳር እንገናኛለን። ካያኩን እሱ ይጭናል፤ በሶውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።