አልጠፋም፣ አባባ

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ኮምፒውተር «ስታክ አደረገ» ከተባለ መካሪው ብዙ ነው፤ አንዱ ማውሱን ይቀጠቅጣል፣ ሌላው «ሶኬቱን ንቀዪው» ይላል።

እኔ ግን «ኖት ሪስፖንዲንግ» ሞት አይደለም ባይ ነኝ። ዊንዶውስ እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ፕሮግራሙ ለ5 ሰከንድ ያህል የሚላክለትን መልእክት ሳያነሳ ሲቀር ነው። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ የጠፋ ፕሪንተር እየጠበቀም ይሆናል። ክሊክ ማብዛት ወረፋውን ማስረዘም ነው።

ባለፈው ከወንጂ የመጡ አንድ አዛውንት የጡረታ ማመልከቻ ሲያጽፉኝ ወርድ ነጥቶ ቀረ።

«ጠፋ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልጠፋም፣ አባባ። ትንሽ እንጠብቀው።»

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን መክፈት እችል ነበር። «ኢንድ ታስክ» ሲባል ግን ሴቭ ያልተደረገው አብሮ ይሄዳል። ወርድ ካልቀየሩት በየ10 ደቂቃው ለማገገሚያ የሚሆን ኮፒ በራሱ ያስቀምጣል። እሳቸው የሥራ ዘመናቸውን፣ ዓመቱንም ክፍሉንም፣ በቃላቸው የነገሩኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አንዴ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አይቻለሁ፤ ድገሙልኝ ማለት ከበደኝ።

እጄን ከማውሱ አነሳሁ። ከባለቤቱ ግልምጫ ጋር ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ ጽሑፉ ተመለሰ፣ ከርሰሩም ብልጭ አለ።

«የት ጋ ደርሰን ነበር?» አልኳቸው።

«ቦይለር ክፍል» አሉኝ።