ነጋሪት የማይሰማበት አውራጃ

ዛሬ ከወትሮው መንገዴ ወጣ ብዬ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ልጽፍ ነው። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝና የሕዝብ አስተዳደር የሚያስተምር ሰው ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር ኮምፒውተር መሻማቱ አንዳንድ ወዳጆቼን አሁንም ያስቃቸዋል። ይሁን እንጂ ስለ መንግሥት ኃይልና ስለ ኃይሉ ወሰን በክፍል ውስጥ ለዓመታት ስናገረው የኖርሁትን ነገር የዚህን ጨዋታ ያህል ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥቂት ትዕግሥት እለምናለሁ።

የጨዋታው ስም ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ይባላል። ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ ከ1444 እስከ 1821 ባለው ዘመን አንድ አገር መርጦ ይመራል፤ ግብር ይሰበስባል፣ ጦር ያዘምታል፣ ይዋዋላል፣ በጋብቻ ይተሳሰራል። የፈለገም የኢትዮጵያን መንግሥት ይዞ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሊነሣ ይችላል። ጨዋታው የሚሽከረከርበት ዘንግ የንጉሥ ኃይል የሚባለው ነጥብ ሲሆን፣ እርሱም የአስተዳደር፣ የዲፕሎማሲና የጦር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ንጉሡ በየዘርፉ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ ችሎታ አለው፤ በየወሩ በሚሰጠው የ3 ነጥብ መነሻ ላይ የእርሱና የአማካሪዎቹ ችሎታ ይደመራል። ነጥቡ እንደ ገንዘብ ይጠራቀማል፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘራል።

በ2015 ደግሞ አንድ ቁልፍ ተጨመረ። ተጫዋቹ 50 ነጥብ በሆነ መነሻ ዋጋ የአንድን ግዛት «ልማት» በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ቻለ። ቁልፉን ይጫናል፤ ልማት ይመጣል። ያውም በዚያችው ቅጽበት! መንገድ ሳይጠረግ፣ ገበሬ ሳይጠየቅ፣ ዝናብ ሳይጠበቅ። (እንዲህ ያለ ቁልፍ በጠረጴዛቸው ላይ ያለ ይመስል የሚናገሩ ባለሥልጣናት በየአገሩ ሞልተዋል፤ ምሳሌውን ለአንባቢ እተዋለሁ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሞድ የሚባል ነገር አለ። ፈቃደኛ የሆኑ ተጫዋቾች፣ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ፣ የአንድን ጨዋታ የውስጥ ሕግ ፈተው እንደ ገና ይገጥሙታል። ካርታው ያው ይመስላል፣ ባንዲራውም ያው ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ሜዩ ኤንድ ታክስስ የተባለው ሞድ ለዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ያደረገው ይህንን ነው። የታሪኩን መነሻ ወደ 1356 መለሰው፤ ከዚያም የመንግሥትን አሠራር ከሥሩ ጀምሮ ለወጠው። ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። በነባሩ ጨዋታ እጄ የለመደው ሁሉ እዚህ አይሠራም።

የተለወጡትን ነገሮች በሦስት ከፍዬ ላቅርባቸው።

አንደኛው ሕዝብ ነው። በነባሩ ጨዋታ ግዛት ማለት የልማት ቁጥር ነው፤ ሰው የለበትም። በሞዱ ግን በየግዛቱ የገጠርና የከተማ ነዋሪ ይቈጠራል። ሰው ይበላል፣ ይወልዳል፣ በረኀብና በወረርሽኝ ያልቃል። ከተማ የሚያድገው ዙሪያው የሚያበላው ትርፍ እህል ሲኖረው ብቻ ነው። ያቺ የልማት ቁልፍ ከቦታዋ የለችም። በእርስዋ ፈንታ ያለው ሰላም፣ እህል፣ መንገድና ረጅም ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ግብሩ የማን እንደ ሆነ ነው። ገበሬው ያመረተው ሀብት በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት አይገባም። መኳንንቱ፣ ካህናቱና የከተማው ነጋዴዎች በየግዛቱ የየራሳቸው ይዞታና ጉልበት አላቸው፤ ዘውዱ የሚደርሰው እነርሱ ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ የሚተርፈው ነው። ተጫዋቹ ንጉሥ ይባላል እንጂ በገዛ አገሩ ከባለ ድርሻዎች አንዱ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔም ትልቁ፣ ርቀት ነው። የዋና ከተማው ትእዛዝ በየግዛቱ እኩል አይሰማም። ተራራ ያዳክመዋል፤ መንገድ፣ ወንዝና የባሕር ዳርቻ ያበረቱታል። ከዙፋኑ በራቅን ቍጥር ነጋሪቱ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ጨርሶ የማይሰማበት አውራጃ ይደረሳል። ያ አውራጃ በካርታው ላይ የእኛን ቀለም ተቀብቶ ይታያል። ግብሩና ወታደሩ ግን ለአካባቢው ጌታ ነው።

እኔ የመረጥሁት ፈረንሳይን ነበር፤ ምክንያቱም ታሪኩን በመጠኑ ዐውቀዋለሁ። በ1356 መስከረም ንጉሥ ዣን 2ኛ በፖይቲዬ ጦርነት በእንግሊዞች ተማረከ። በሚቀጥለው ዓመት በፓሪሱ የነጋዴዎች አለቃ በኤትየን ማርሴል ግፊት የመማክርቱ ጉባኤ የዘውዱን ሥልጣን የሚገድብ ሰፊ ደንብ አስወጣ። በ1358 የሰሜኑ ገበሬ በመኳንንቱ ላይ ተነሣ፤ ዐመፁም በደም ተጠናቀቀ። በ1360 በብሬቲኚ ውል የንጉሡ ማስለቀቂያ 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ሆነ፤ ፍራንክ የተባለው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታውም በዚያው ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ ግብር ነው። ግብሩስ በማን እጅ ይሰበሰባል? የሞዱ ጥያቄ በሙሉ ይኸው ነው።

ሆን ብዬ ሁለት ሙከራ አደረግሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ዘውዱ የመኳንንቱን ይዞታ በፍጥነት እንዲነጥቅ አዘዝሁ፤ በሁለተኛው ደግሞ ለሠላሳ የጨዋታ ዓመታት መንገድ ከመሥራትና ዋና ከተማውን ከወንዙ ዳር ግዛቶች ጋር ከማገናኘት በቀር ብዙ አልነካሁም። የመጀመሪያው ፈጣን ገቢ፣ ከዚያም ፈጣን ዐመፅ አስከተለ። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ድኻ ሆኖ ቆየ፤ ሆኖም የተገኘው ሁሉ በእጅ ጸና። ሁለት ጨዋታ ሳይንስ አይደለም፤ ነገር ግን እውነተኛው ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዣን ልጅ ሻርል 5ኛ በየምድጃው የሚከፈለውን ግብር ዓመታት ሙሉ ሲያስከፍል ኖሮ በ1380 በሞት አልጋው ላይ ሳለ ሰረዘው። የተሰረዙትን ግብሮች ተተኪዎቹ መልሰው ሊጥሉ ሲሞክሩ በ1382 ፓሪስና ሩዋን በዐመፅ ተናጡ።

ምድጃ ካልሁ አይቀር፣ የፈረንሳይ ዘውድ በ1328 ምድጃዎችን አስቈጥሮ ነበር። ከ23,000 በላይ አጥቢያዎችና ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ምድጃዎች ተመዘገቡ። ቈጠራው ግን በታላላቅ መሳፍንት እጅ ያሉትን ግዛቶች አላካተተም። ንጉሡ የቈጠረው ነጋሪቱ የሚሰማበትን ያህል ብቻ ነው። እኛስ ጭሰኛ የምንለው ቃል ከጭስ የመጣ አይደለምን? ጭስ የሚታይበት ቤት ግብር የሚጠየቅበት ቤት ነው። ጄምስ ስኮት በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ መንግሥት አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሕዝቡን ማየትና መመዝገብ መሆኑን ሰፊ ሐተታ ሰጥቶበታል።

የርቀቱን ሕግ ስማር ግን ልቤ ወደ አገር ቤት መሄዱ አልቀረም። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታታችን ለምን ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዞሩ ነበር? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በመጨረሻ ዘመኑ በደብረ ብርሃን ረግቶ መቀመጡ፣ ከዚያም ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መቈርቈሩ እንደ ልዩ ነገር የሚነገረው ከተማ ማለት ራሱ የሚዘዋወር ሰፈር ስለ ነበረ ነው። በ1520ዎቹ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎልናል። ግብሩ እህል፣ ከብትና ማር በሆነበት፣ ገደልና ሸለቆ በበዛበት አገር ግብሩን ወደ ንጉሡ ከማምጣት ንጉሡን ወደ ግብሩ መውሰድ ይቀላል። ትምህርት ቤት ሳለን ይህ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይነገረን ነበር። እኔ ግን የርቀትን ሒሳብ በሚገባ የሠራ አስተዳደር ይታየኛል።

አባቴ (ነፍሱን ይማርና) በአንድ ወረዳ የግብር ጸሐፊ ነበር። መዝገቡን በበቅሎ ጭኖ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። «ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት እስከ ወረዳው ቢሮ መንግሥት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ወረቀት ነው» ይል ነበር። ከቢሮው ወዲያ ወረቀቱን መንግሥት የሚያደርገው ጭቃ ሹሙ፣ ሽማግሌውና የደብሩ አለቃ እንደ ሆኑ ያውቃል። እኔ ይህንን በዶክትሬት ደረጃ ለማጥናት ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

በሥራ ባልደረባዬና በእኔ መካከል በዚሁ ጨዋታ ሰበብ አንድ ክርክር አለ። እርሱ እንዲህ ይላል፦ «ሞዱም ቢሆን የንጉሥ ጨዋታ ነው። አንተ ሁልጊዜ ዙፋን ላይ ተቀምጠህ ነጋሪት የማይሰማበትን አውራጃ እንደ ጉድለት ታየዋለህ። እዚያ ያለው ገበሬ ግን አለመስማቱ በረከቱ ሊሆን ይችላል። ቀረጥ ሰብሳቢና ወታደር መልማይ ያልደረሰበት ቤት ነውና።» ክርክሩ ከባድ ነው። በጨዋታው ውስጥ ገበሬ ሆኖ መጫወት አይቻልም፤ ረኀብ ሲመጣ የምናየው የቀነሰ ቍጥር እንጂ የተዘጋ ቤት አይደለም። ዳሩ ግን ነጋሪቱ የማይሰማበት አውራጃ ጌታ የለውም ማለት አይደለም። ሌላ ጌታ አለው፤ አቤት ቢባልም ከእርሱ በላይ ሰሚ የለም። የእህል እርዳታም፣ ዳኛም፣ ክትባትም የሚመጡት ቀረጥ ሰብሳቢው በሚመጣበት በዚያው መንገድ ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ መንገዱ ወዲያም ወዲህም የሚያስኬድ መሆኑ ላይ ነው፤ ትእዛዝ የሚወርድበት ብቻ ከሆነ ግን ባልደረባዬ ረትቶኛል።

በኅዳር 2025 የወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 5 ታሪኩን ከ1337 ጀምሮ ሕዝብን የሚቈጥርና የመንግሥትን ቍጥጥር ከዋና ከተማው ባለ ርቀት የሚለካ ሆኖ መጥቷል። የልማት ቁልፍ ከለመዱት መካከል ቅር የሚላቸው መኖራቸው አይገርምም። ሁላችንም የለመድነው እርስዋን ነውና። የእኛ ትውልድ የፖለቲካ ክርክር አብዛኛው «ቁልፉን ማን ይጫን?» የሚል ነው። ሰውየው ይውረድ፣ ያኛው ይውጣ እንላለን። ቁልፉ ከምን ጋር እንደ ተያያዘ፣ ሽቦውም የት ላይ እንደ ተበጠሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ዓመት ለተማሪዎቼ የምሰጠውን የቤት ሥራ ለወጥ አድርጌዋለሁ። «መንግሥት ምን ማድረግ አለበት?» የሚለውን ትቼ፣ አንድ አጭር አዋጅ እንዲጽፉና አዋጁ ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ እስከ አንዲት የገጠር ሴት ደጃፍ ድረስ የሚያልፍባቸውን እጆች በሙሉ በየስማቸውና በየጥቅማቸው እንዲዘረዝሩ አዝዣለሁ። አዋጁን ጽፎ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ዝርዝሩ ግን ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙዎቹም ወረዳው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ እላቸዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።