የቦቢ ጥፍር

ዛሬ ስለ ውሻችን ስለ ቦቢ ልጽፍላችሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ግዢ ተብዬ እየሮጥኩ ስወጣ ቦቢ ተከተለኝ። እንዳይወጣ ብዬ የቆርቆሮውን በር ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ወዲያው ጮኸ። ስከፍተው የፊት እግሩ ጥፍር ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል፣ ደሙ ይንጠባጠባል። ልይዘው ስል ጥርሱን አሳየኝ። ከቡችላነቱ ጀምሮ እንደዚያ አድርጎኝ አያውቅም።

አያቴ "ቡና ነስንሱበት" አሉ። ደግነቱ እንስሳት ክሊኒክ የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሼ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። "ቡናም ጋዝም እንዳታደርጉበት፣ ቁስሉን ያበላሸዋል" አሉ።

ያደረጉትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አፉን በሻሽ አሰሩት። ያመመው ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳላ! ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥፍሩን ጫን አድርጌ እንድይዝ አዘዙኝ። ገልጬ ላይ ስል "ተይ! በገለጥሽው ቁጥር እንደገና ይደማል" አሉኝ። 10 ደቂቃ ያህል ያዝኩት። ለካ ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ ስላለ ነው እንደዚያ የሚደማውና የሚያመው። ደሙ ሲቆም ጭቃውን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው አጠቡለት፣ በፋሻም ጠቀለሉት። በጣም ከጠበቀ እግሩ ያብጣል አሉ። አፉንም ወዲያው ፈቱለት። የተንጠለጠለውን ጥፍር ግን እንዳንነቅለው ነገሩን። ክሊኒክ ወስደነው አደንዝዘው ቆረጡለት።

ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ይገድላል።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልናገር። አባዬ "ማነው እንደዚህ ያደረገው?" ሲል ዝም አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ድንጋይ ስለሚወረውር "አንተ ነህ አይደል?" ብሎ ተቆጣው። እሱ እያለቀሰ "እኔ አይደለሁም" ሲል እኔ አሁንም ዝም።

ማታ ቦቢ እያነከሰ መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ለአባዬ እውነቱን ነገርኩት። ብዙ አልተቆጣኝም። "በይ፣ ወንድምሽን ጠዋት ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። ፋሻውንም የምትቀይሪው አንቺ ነሽ" አለኝ።

ቦቢ አሁን ትንሽ ነው የሚያነክሰው። ወንድሜ ግን በሩን ስዘጋ "ኧረ ወደኋላሽ እዪ!" ይለኛል። እኔም አያለሁ።

ቸር ያገናኘን!
ከ7ኛ "ለ" ክፍል