ስለማይዳፈነው እሳት

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው የምትገኝ፥ ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ የነበረች አገር ናት። ከባሕር የመጣው ጭነት ከግመል ተራግፎ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው የሚወጣው ከዚያ ነበረ። በ1895 ዓመተ ምሕረት የምድር ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን ነጋዴው ወደ ሐዲዱ ዞረና ያ ገበያ ሳሳ።

በዚያ ዘመን ነጋዴውን በሰፈሩ የሚያሰጋው እሳት የሚታይ እሳት ነበረ። ይጨሳል፥ ይንጣጣል፥ ያበራል፤ በመሸም ጊዜ ባለቤቲቱ ፍሙን በዐመድ አዳፍና ትተኛለች። ይህን ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት አልገባም፥ ልጅ ከእናቱ አይቶ የሚወርሰው ነውና። ኤሌክትሪክ ግን ወደ ቤት ሲገባ እንዲህ ያለ ልማድ ይዞ አልገባም። ጭሱ አስቀድሞ አይታይም፤ ሽታውም የሚመጣው ላስቲኩ መንደድ ከጀመረ በኋላ ነው። የቅኔ ተማሪ ነገሩን በሰምና ወርቅ ሊመስለው ይችላል፤ ላስቲኩ ሰም፥ በውስጡ የሚሄደው ኃይል ወርቅ ነው። ዳሩ ግን በቅኔ ቤት ሰሙ ተገልጦ ወርቁ ሲታይ መምህሩ ደስ ይለዋል፤ በመኖሪያ ቤት ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ሲታይ ለቅሶ ይመጣል።

አሁን በጀልዴሳ ወይም እርሷን በመሰለ ቆላ የሚኖር አንድ አባወራ በዓይነ ልቡና ይታይ። ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ነው፥ በሩም አንድ። መብራቱ ቀን ጠፍቶ ውሎ ማታ ይመጣልና ሁሉ የሚሞላው በሌሊት ነው። ከበሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ ማከፋፈያ ተሰክቶ የአባት ስልክ፥ የልጅ ስልክ፥ የእጅ ባትሪ፥ አንዳንድ ጊዜም የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ባትሪ ይደረደሩበታል። ልጁ የሚሞላውን ስልክ ከትራሱ ሥር አግብቶ ተኝቷል። እሳት ቢነሣ የሚነሣው ከበሩ ነው፤ መውጫውም ያው በር ነው።

ይህ አባወራ ሰነፍ አይደለም። በሩን ከሌባ ይዘጋል፥ ምድጃው መዳፈኑንም ያያል። የጎደለው የባትሪውን ጠባይ ማወቅ ነው። በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ የወጣው የሊቲየም ባትሪ በጥቂት ሥፍራ ብዙ ኃይል ያከማቻል፤ በውስጡም ሁለቱን ወገን የሚለይ ከወረቀት የሚቀጥን ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ቢበሳ ወይም በሙቀት ቢቀልጥ ባትሪው ራሱን ያሞቃል፥ ሙቀቱም ሌላ ሙቀት ይወልዳል፥ ከዚያም የሚነድ ጋዝ እየተፋ ይቀጣጠላል። ሙቀቱ ከውስጡ የሚወለድ ስለ ሆነ እንደ ፍም በዐመድ አይዳፈንም። እንዲህ ያለው ባትሪ በተለመደው ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ሊሞላ አይገባውም፤ የቆላው ሐሩር ትራስና ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ደግሞ ወደዚያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም።

ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ፥ ይኸውም በመኪናና በፀሐይ መብራት የሚታወቀው፥ ጠባዩ ሌላ ነው። ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ ይህም ጋዝ ከአየሩ ከመቶ 4 እጅ ሲሆን በአንዲት ክብሪት ሊፈነዳ ይችላል። ነፋስ በሚገባበት ሥፍራ መሙላት ነበር መድኃኒቱ፤ ሰው ግን ባትሪው እንዳይሰረቅበት ከአልጋው ሥር አግብቶ መስኮቱን ይዘጋል።

የሽቦውም ነገር አለ። በሽቦ የሚሄደው ፍሰት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የስልክ መሙያ የሚፈልገው በአብዛኛው ከ5 እስከ 20 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ግን 3,000 ዋትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስልክ የቻለው ቀጭን ማከፋፈያ ምጣድ ሲሰካበት ይግላል፥ ላስቲኩም ይቀልጣል። በዚህ ጊዜ ቫልቮላው ተቃጥሎ ቤቱን ያድናል። ይህን ያልተረዳ ሰው ቫልቮላው አስቸገረኝ ብሎ በምትኩ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል፤ ዘበኛውን አሰናብቶ መተኛት ማለት ይህ ነው። ለስልኩ ብዙ ሺህ ብር የከፈለ ወጣትም መሙያውን ከመንገድ ዳር በርካሽ ይገዛል። 220 ቮልቱን ከእጁ የሚለየው ግን ያ መሙያ ነው።

አባወራው ገንዘብ ሳያወጣ ብዙ ማድረግ ይችላል። የሚሞላውን ሁሉ ከበሩና ከአልጋው አርቆ በባዶ መሬት ላይ ያኑር፤ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሙላ፥ ሲሞላም ይንቀል። መብራት ሲጠፋ ስፒናዎቹን ያውጣ፥ ኃይሉ ሲመለስ በርትቶ ሊመጣ ይችላልና። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጁ አይንካ፤ አስቀድሞ ከቆጣሪው ያጥፋ። ያበጠ የስልክ ባትሪ ካገኘ አይውጋው፥ ዳግመኛም አይሙላው፥ ከእሳትም አይጣለው፤ በብረት ዕቃ ደረቅ አሸዋ አድርጎ፥ ባትሪውን በውስጡ ቀብሮ፥ ልጆች በማይደርሱበት ከቤት ውጭ ያቆየው። አሸዋውስ በቆላው ሞልቷል።